የቤት አሸንዳ ክፍሎችና ለጤና ያላቸው ጥቅም

የሰኔ ዝናም ከመግባቱ አስቀድሞ ባለቤት የሆነ ሰው ሁሉ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ይመለከታል፤ ቆርቆሮው የተበሳ፣ ምስማሩም የላላ እንደ ሆነ ያስጠግናል። አሸንዳውን የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። አሸንዳ በብዙ ሰው ዘንድ ለቤቱ ጌጥ፣ አለዚያም በደጃፍ የሚቆም እንግዳ እንዳይረጥብ የተሠራ ይመስላል። ዋናው ሥራው ግን በጣሪያ ላይ የወረደውን ውሃ በየትኛውም ስፍራ ሳያቆም ከቤቱ ማራቅ ነው።

የውሃውን ብዛት ለማወቅ ሒሳቡ ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናም 1 ሊትር ይሆናል። እንግዲህ ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ሊትር፣ ማለት አምስት ትልልቅ በርሜል ውሃ ይወርዳል። መምህራን ይህን ስሌት በትምህርት ቤታቸው ጣሪያ ልክ ተማሪዎቻቸውን ቢያሠሩ መልካም ነው። ይህ ሁሉ ውሃ ያለ አሸንዳ በቤቱ ዙሪያ በወደቀ ጊዜ ጭቃ እየረጨ የግድግዳውን እግር ይበላል፤ ልስኑ ይረግፋል፤ የቋሚው እንጨት ሥር ይበሰብሳል። ከዚያ የሚነሣው እርጥበትና ሻጋታ ደግሞ አስም ያለበትን ሰው፣ ይልቁንም ሕፃናትን ያስቸግራል።

አሸንዳ ስንል አንድ ዕቃ ማለታችን አይደለም። መሠረቱ በጣሪያው ጠርዝ የተመታው ጣውላ ነው፤ እርሱ ከበሰበሰ ሌላው ሁሉ የሚንጠለጠልበት የለውም። የቆርቆሮው ጫፍም ከጣውላው አልፎ ወደ አሸንዳው አፍ ጥቂት መግባት አለበት፤ ካጠረ ውሃው በስተኋላ ጣውላውን እያረሰ ይወርዳል፤ እጅግ ከረዘመ ደግሞ አሸንዳውን ዘሎ ያልፋል። የአሸንዳው ስፋት በተለመደው ልክ፣ ውሃው ወደ እርሱ ለሚወርድ ለያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር የውስጥ ክፍት ነው። ከላይ ለጠቀስነው ባለ 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ ውሃው ሁሉ በአንድ ወገን የሚወርድ ከሆነ፣ ወርዱ 10፣ ጥልቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ አሸንዳ ይበቃዋል። የሚሸከሙት መያዣ ብረቶች ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ድረስ ተራርቀው ይመታሉ፤ ከዚህ ከራቁ አሸንዳው በመካከላቸው ይረግባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ዘንበል ማለቱ ነው። አሸንዳ በየሜትሩ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ማዘንበል ይገባዋል፤ በ10 ሜትር ርዝመት 5 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ነገር ግን ብዙ ባለቤቶች ከመንገድ ሲያዩት ቀጥ ያለ እንዲሆን ይወዳሉ፤ ቆርቆሮ ሠሪውም ደስ ሊያሰኛቸው በውሃ ልክ እያስተካከለ ይሰቅለዋል። እንዲህ ለዓይን ያማረው አሸንዳ ዝናሙ ካባራ በኋላ ውሃ ይዞ ይቀራል። የባሕር ዛፍ ቅጠልና አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ትንኝ የምትራባበት ስፍራ ይሆናል። በሞቃት አገር ትንኝ ከዕንቁላል ተነሥታ እስክትበር ድረስ ከአንድ ሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ያህል ይበቃታል።

ይህ ተራ ማስፈራሪያ አይደለም። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት ተነሥቶ ነበር፤ ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ በበርሜል፣ በአሮጌ ጎማና በተዘጋ አሸንዳ ውስጥ በቆመ ውሃ ትራባለች። የወባ ትንኝ በረግረግና በወንዝ ዳር ትኖራለች ብለን ስንማር ኖረናል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ዐይነት የከተማን የውሃ ማጠራቀሚያ ትወዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ከደረሰው የወባ ወረርሽኝ ጋር ግንኙነት እንዳላት ተመራማሪዎች አሳይተዋል።

አሸንዳው ከመውረጃው ቧንቧ ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ ቅጠል የሚይዝ የሽቦ ወንፊት ይደረግ፤ ወንፊቱ ካልተጠረገ ግን ራሱ መዝጊያ ስለሚሆን በየሳምንቱ ይታይ። የቧንቧው የታችኛው ጫፍ ወደ ውጭ ታጥፎ ውሃውን ከግድግዳው ቢያንስ 1 ሜትር አርቆ፣ በድንጋይ ላይ፣ ወደ ቦይ ይጣል። ወደ ጎረቤት አጥር መልቀቅ የጠብ ምክንያት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ወደ መጸዳጃ ቤት ጉድጓድ መልቀቅ ግን ከዚያ የባሰ ነው፤ ጉድጓዱ ሞልቶ በፈሰሰ ጊዜ ነውሩ በሰፈሩ ሁሉ ይዳረሳልና።

ውሃውን ለማጠራቀም የሚወድ ሰው የወፍ ኩስና አቧራ የሚያጥበውን የመጀመሪያውን ውሃ፣ ከተጠቀሰው ጣሪያ ቢያንስ 25 ሊትሩን፣ ይድፋው። በርሜሉ ክዳን ይኑረው፤ ውሃ የሚገባበትም ቀዳዳ ትንኝ በማያሳልፍ ወንፊት ይሸፈን። ለመጠጥ የሚሆነው ይፈላ።

በግንቦት መጨረሻ፣ ደረቅ ቀን ተመርጦ፣ ቅጠሉ ሁሉ ከተጠረገ በኋላ፣ በአሸንዳው ላይኛ ጫፍ አንድ ባልዲ ውሃ ይፍሰስ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ ሰው መሰላሉን ይዞ ሌላው ይውጣና ውስጡን በእጁ ይዳስስ። ውሃ ቆሞ የተገኘበት ስፍራ በጠመኔ ምልክት ይደረግበት፤ እዚያ ያለውም መያዣ ብረት ጥቂት ከፍ ተደርጎ እንደ ገና ይመታ።