የመኪናው ወለልና የካርቱም ሰጋቱራ፦ ከመጋዙ ሥር ካልተሰበሰበ ለከብት አይሆንም

ከመተማ ተነስቶ ጋላባትን የተሻገረ ከብት ገዳሪፍ ሲደርስ የመንገዱን ግማሽ እንኳ አልተጓዘም። ከገዳሪፍ እስከ ካርቱም ገና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። በዚህ ሁሉ መንገድ የመኪናው ወለል በሽንትና በእበት ይርሳል፤ ላሜራው ያዳልጣል። አንድ በሬ ከወደቀ ሌሎቹ ይረግጡታል። ከኦምዱርማን በስተ ምዕራብ ባለው የሙወይሊህ ገበያ ሲራገፍ የሚያነክስ ወይም ጎኑ የተላጠ ከብት ዋጋው የሚወርደው ገና ድርድር ሳይጀመር ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ወለሉ ላይ የሚነጠፍ ነገር ነው። ብዙው ጫኝ አሸዋ ወይም ገለባ ይጠቀማል። አሸዋ ይከብዳል፣ ገለባ ደግሞ ከብቱ ይበላዋል። ሱዳኖች ኒሻራ የሚሉት ሰጋቱራ ቀላል ነው፤ እርጥበት ይመጥጣል፣ ሰኮናም ይይዛል። ችግሩ ከእንጨት መሰንጠቂያ ወለል ተጠርጎ በማዳበሪያ የሚሞላው ሰጋቱራ አፈርም ሚስማርም ቀለምም ይዞ መምጣቱ ነው። ለከብት የሚሆነው ንጹሕ ሰጋቱራ የሚገኘው መሰንጠቂያው ከመጋዙ ሥር የሚሰበስብበት መሣሪያ ካለው ብቻ ነው።

ከአንድ ግንድ ስንት ይወጣል?

ካርቱም እንጨት መሰንጠቅ አዲሷ አይደለም። በጥቁር ዓባይ ዳርቻ ሱንት የሚባለው የግራር ዘር ለባቡር ሐዲድ አግዳሚ እየተባለ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲሰነጠቅ ኖሯል። ቆዳ ነጋዴዎችም ይህን ዛፍ ጋራድ በሚባለው፣ ለቆዳ ማልፊያ በሚውለው ፍሬው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የጀመረው ጦርነት የከተማዋን የኢንዱስትሪ ሰፈሮችና የመብራት መስመር ክፉኛ ጎድቷል። ስለዚህ መሰንጠቂያ እንደገና የሚተክል ሰው የሰጋቱራውን ነገር ከመጀመሪያው ቢያስብበት ይቀለዋል፤ ከተተከለ በኋላ ወለል መስበር ሌላ ወጪ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ክብ መጋዝ ሲቆርጥ ወደ 5 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ እንጨት ይበላል። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ በተቆረጠ ቁጥር ከእንጨቱ 17 በመቶ ያህሉ ሰጋቱራ ይሆናል ማለት ነው። 2.5 ሚሊ ሜትር የሚበላ ቀጭን የሪባን መጋዝ ከሆነ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አካል ያለው እንጨት ሲፈጭ በግምት 3 ሜትር ኩብ ልቅ ሰጋቱራ ይወጣዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ መሰንጠቂያውን የሚያጥለቀልቀው ክምር የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሰባሰቡ

ሥራው የሚጀምረው ከጥርሱ ነው። መጋዙ ሰጋቱራውን በብዛት የሚተፋው ጥርሱ ከእንጨቱ በሚወጣበት በታች በኩል ስለሆነ፣ የመሳቢያው አፍ እዚያው ተጠግቶ መገጠም አለበት። ከአፉ የሚነሳው ቱቦ ውስጥ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ካልሮጠ ሰጋቱራው መንገድ ላይ ይተኛና ቱቦውን ይዘጋል። ቱቦው አጭር፣ ጎሚቶው ጥቂትና ሰፋ ብሎ የሚታጠፍ መሆን ይገባዋል።

ቱቦው የሚያመራው ወደ ሳይክሎን ነው። ሳይክሎን ላዩ ሰፊ፣ ታቹ የጠበበ የላሜራ ቋት ነው። አየሩ በጎን ገብቶ ሲሽከረከር ከባዱ ሰጋቱራ ግድግዳውን እየታከከ ከታች ወዳለው ሣጥን ይወርዳል፤ አየሩና የላመው ብናኝ በላይ ይወጣሉ። ፋኑ ከሳይክሎኑ በኋላ ቢተከል ስንጥር ክንፎቹን አይመታም። ለከብት ነጋዴ ይህ መለያየት ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሣጥኑ ውስጥ የሚቀረው ሻካራው ስለሆነ በመንገድ ላይ የከብቱን ዓይንና ሳንባ የሚያስቸግረው ብናኝ ይቀንሳል።

ያ ብናኝ ለሠራተኛውም ጠንቅ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጥናት ሰውን ለካንሰር ከሚያጋልጡ ነገሮች ጋር መድቦታል። የላመ ብናኝ እሳትም ይወዳል። የብረት ቱቦ በምድር ሽቦ መታሰር አለበት፤ ሣጥኑም ከጀነሬተሩና ከብየዳ ቦታ ይራቅ።

ለፋን የሚሆን ኃይል የሌለው መሰንጠቂያም ባዶ እጁን አይቀርም። ከመጋዙ ሥር በሲሚንቶ የተለሰነ ተዳፋት ጉድጓድ ቆፍሮ ሰጋቱራው በራሱ ክብደት ወደ ሣጥን እንዲንሸራተት ማድረግ ይቻላል። ብናኙን አያስቀርም፤ ሰጋቱራውን ግን ከአፈርና ከወዳደቀ ብረት ይለየዋል።

ምን አይቀላቀልበት?

ነጋዴው ሊከፍልበት የሚገባው ዋና ነገር መለየት ነው። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ በርና መስኮት ሲሰነጠቅ የድሮው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ ከብት ይገድላል። አሮጌ የባቡር አግዳሚና የስልክ እንጨት ክሪዮሶት ወይም አርሴኒክ ያለበት መድኃኒት ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ቺፑድና ኮምፔንሳቶ ሙጫ አለባቸው። እነዚህ ሲሰነጠቁ ሣጥኑ ይቀየር። ሽቦና ሚስማር የዋጠ ከብት ጨጓራው ተበስቶ እስከ ልቡ ሊወጋ ስለሚችል፣ ከሳይክሎኑ ታች ማግኔት ማሰር ትንሽ ወጪ ትልቅ ኪሳራ ይከለክላል።

እርጥበትም አለ። ከርጥብ ግንድ የወጣ ሰጋቱራ ተከምሮ ሲቀመጥ ከውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል። ለወተት ላም እርጥብ ሰጋቱራ የጡት በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች መፈልፈያ ነው። የካርቱም ፀሐይ በስስ ተዘርግቶ የሚሰጣን ቶሎ ያደርቃል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ዝናብና የሐቡብ አቧራ ስላለ ግን ጣራ ያስፈልጋል።

ለአንድ መኪና ስንት?

የአውስትራሊያ ከብት ላኪዎች ደንብ ረጅም የባሕር ጉዞ ለሚያደርግ ከብት ለዓመታት የተጠቀመበት ልክ ለ1,000 ካሬ ሜትር ወለል 25 ሜትር ኩብ ወይም 7 ቶን ንጣፍ ነበር። ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ልክ 12 በ2.4 ሜትር የሆነ ተሳቢ 0.72 ሜትር ኩብ ይፈልጋል፤ 100 ሊትር በሚይዝ ማዳበሪያ ከ7 እስከ 8፣ በክብደት 200 ኪሎ ገደማ። በክብ መጋዝ ይህን ለማግኘት አንድ ሜትር ኩብ ተኩል እንጨት ቢሰነጠቅ ይበቃል።

ስለዚህ አንድ ቋሚ መሰንጠቂያ በቀን ለብዙ መኪና የሚበቃ ንጣፍ ሊያወጣ ይችላል። ባለቤቱ ግን የሚገዛው ሰው ካላወቀ ሳይክሎን አይተክልም፤ ጠርጎ ያቃጥለዋል። ነጋዴዎች ተሰባስበው ከአንድ መሰንጠቂያ ጋር በቋሚነት ቢዋዋሉ፣ የእንጨቱን ዓይነት ቢጠይቁ፣ ማዳበሪያውን ፈትተው በእጃቸው ጨብጠው ቢያዩ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ጨብጠው ሲለቁት የማይጣበቅ፣ የማይሸት፣ ቀለም የሌለው ሰጋቱራ ለመኪና ወለል ደርሷል። ከዚህ የጎደለው ለጡብ ማቃጠያ ይቅር።