የኮምፒውተር ሰዓት በሀገር ውስጥ አቆጣጠር ሲሞላ ምን ይበላሻል?

ደባርቅ ከተማ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን በትክክል የተሞላ ኮምፒውተር 7 ሰዓት ያሳያል። ይህን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ወደ 1 ሰዓት የሚመልስ ሰው አለ። ዓመቱንም ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለውጥ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ድረ ገጾች አልከፈት ይላሉ፤ ደብዳቤዎች በተላኩበት ቅደም ተከተል አይገኙም፤ ባለቤቱም ችግሩን በኔትወርክ ያሳብባል። ጥፋቱ ግን የሰዓቱ ነው።

የሀገራችን የሰዓት ቆጠራ ከፀሐይ መውጫ ይነሣል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ የምትወጣበት ጊዜ በዓመት ውስጥ ብዙ አይለዋወጥም፤ በሰሜን ተራሮች አካባቢም ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ 600 ሜትር ገደማ በሚሆነው የጊች አምባ ላይ ገብስ ሲያመርቱ የኖሩት፣ በ2008 ዓ.ም ወደ ደባርቅ የተዛወሩት አርሶ አደሮች በዚህ ቆጠራ ሥራቸውን ሲመሩ ኖረዋል። ቆጠራው ለሰው ሕይወት የተመቸ ነው። ኮምፒውተር ግን የሚሠራው በሌላ ስምምነት ነው።

ኮምፒውተሮች በውስጣቸው የሚይዙት ዩቲሲ የተባለውን ዓለም አቀፍ የጋራ ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚህ በ3 ሰዓት ይቀድማል። በመስኮቱ ላይ የሚታየው ቁጥር ከዚያ የተሰላ ብቻ ነው። አንድ ሰው 7 ሰዓትን ወደ 1 ሰዓት በእጁ ሲለውጥ መሣሪያው የኢትዮጵያን አቆጣጠር አልተማረም፤ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ዓመቱን ሲለውጥ ደግሞ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። አስተማማኝ ድረ ገጾች መነሻና ማብቂያ ቀን ያለው የምስክር ወረቀት አላቸው። ከዓመታት በፊት ላይ ያለ መስሎት የሚኖር ኮምፒውተር ያንን ወረቀት ገና ያልጸና አድርጎ ስለሚያየው በሩን ይዘጋል። ጳጉሜንማ የሚያስገባበት ቦታም የለውም።

ትክክለኛው መንገድ የጊዜ ቀጠናውን መምረጥ ነው። በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ በስሟ ስለማትገኝ ተመሳሳይ ሰዓት ያላት ናይሮቢ ትመረጣለች። በሀገር ውስጥ ቆጠራ ማየት የግድ ለሚፈልግ አንድ ብልሃት አለ፦ ቀጠናውን ቦነስ አይረስ ላይ ማድረግ። የአርጀንቲና ሰዓት ከእኛ በ6 ሰዓት ስለሚዘገይ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 1 ሰዓት ይታያል፤ ቀኑም የሚለወጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። የውስጡ ሰዓት አይዛባም። ሆኖም በፋይሎችና በደብዳቤዎች ላይ የሚታየው ሰዓት ከሌሎች ሰዎች ጋር ስለሚለያይ ለመሥሪያ ቤት አይመከርም።

በትክክል የተሞላ ሰዓትም ቢሆን ብቻውን አይጸናም። በኮምፒውተር ውስጥ ጊዜ የሚቆጥረው ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል ሲሆን በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ መሳት ለእርሱ የተለመደ ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ቆጠራውን የሚያስቀጥለው በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ናት። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ጥንት ዓመት የሚመለስበት ሰው ባትሪዋን ይቀይር፤ ዋጋዋም ቀላል ነው።

መሣሪያዎች ሰዓታቸውን እርስ በርስ የሚያስተካክሉበት ኤንቲፒ የተባለ ደንብ አለ። አሜሪካዊው ዴቪድ ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1985 ይፋ ያደረገው ሲሆን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አሠራሩ ከደባርቅ ወደ ዳባት ሰዓት ጠይቆ እንዲመለስ መልእክተኛ እንደመላክ ነው። መልእክተኛው ይዞት የሚመጣው ሰዓት በመንገድ ላይ ያረጃል፤ ስለዚህ ላኪው የደርሶ መልሱን ግማሽ ይጨምርበታል። መሄጃው ቁልቁለት፣ መመለሻው ዳገት ከሆነ ግን ግማሹ ትክክል አይሆንም። በረጅሙ የኢንተርኔት መንገድ ስሕተቱ በብዙ ሚሊ ሰከንድ የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ መንገዱ አጭር ስለሆነ ልዩነቱ ወደ አንድ ሚሊ ሰከንድና ከዚያም በታች ይወርዳል።

በቤት ወይም በሱቅ ውስጥ የሰዓት ሰርቨር የማቆም ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ሁልጊዜ የሚበራ አንድ መሣሪያ ይመረጣል፤ ሊኑክስ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃል። በላዩ ላይ ክሮኒ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይጫናል። ይህ መሣሪያ ኢንተርኔት ሲኖር ከውጭ ሰዓት ይወስዳል፤ ሌሎቹ ከእርሱ ይወስዳሉ። በክሮኒ ቅንብር ውስጥ ሁለት ነገሮች መፈቀድ አለባቸው፦ የግቢው መሣሪያዎች እንዲጠይቁት፣ እንዲሁም ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜም መልስ መስጠቱን እንዲቀጥል። ሁለተኛው ከተረሳ ሰርቨሩ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ሊታመን የማይችል ይሆናል። አንዳንድ ራውተሮችም፣ ለምሳሌ የማይክሮቲክ፣ ይህን ሥራ ራሳቸው መሥራት ይችላሉ።

ለሰርቨሩ የማይለወጥ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.10፣ ይሰጠዋል። ከዚያ በእያንዳንዱ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የቀንና ሰዓት ቅንብር ውስጥ፣ ኢንተርኔት ሰዓት በሚለው ክፍል፣ ያ አድራሻ ይጻፋል። መጀመሪያ ግን ቀኑንና ዓመቱን በእጅ ማቅረብ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ የ6 ሰዓት ልዩነትን ራሱ ያርማል፤ የዓመታት ልዩነት ሲያይ ግን ማስተካከሉን እምቢ ሊል ይችላል።

ኢንተርኔት በማይደርስበት ቦታ ሰዓት ከሰማይ ይገኛል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው የአቶሚክ ሰዓታቸውን ያለ ክፍያ ያሰራጫሉ። ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘ ትንሽ ተቀባይ ሰማይ የሚያይበት ክፍት ቦታ ብቻ ይበቃዋል፤ የሰሜን ተራሮች ግርጌ ደግሞ የዚህ እጥረት የለበትም።

የሰዓት ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የደኅንነት ካሜራ ባለበት ቤት ነው። በደባርቅ ወደ ፓርኩ የሚሄዱ እንግዶችን የሚቀበል ማረፊያ ዕቃ ጠፋበት እንበል። የበሩ ካሜራ ሌሊት 8 ሰዓት፣ የጓሮው ካሜራ 8 ሰዓት ከ20 ብለው አንዱን ሰው ከመዘገቡ ሰውየው 20 ደቂቃ በግቢው ውስጥ ቆየ ወይስ ወዲያው አለፈ የሚለውን ከምስሉ ማወቅ አይቻልም። የካሜራው መቅጃ በቅንብሩ ውስጥ ኤንቲፒ የሚል ቦታ ካለው የሰርቨሩ አድራሻ እዚያም ይገባል፤ ከሌለው ሰዓቱን በየወሩ ከስልክ ጋር ማመሳከር ይገባል።