«ድርቡሽ» የሚለው ስም የሸፈነብን፦ የሱፊ መንገድ፣ መንዙማና የወንጌል አገልጋይ

ሾላ ገበያ ውስጥ ቅቤ የሚነግዱ አንዲት እናት አሉ። ተወልደው ያደጉት ወሎ፣ በሙስሊም ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ ጌታን ከተቀበሉ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። በረመዳን ወር ጎረቤታቸው የቅመም ነጋዴ ከአፍጥር በፊት መንዙማ ይከፍታል። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሱቃቸውን ሲዘጉ ዜማው ጆሮአቸው ገባና እንባቸው መጣ። ነገሩ ስለ ከበዳቸው በእሑዱ ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አጫወቱት። እርሱም «እኅቴ፣ መንፈሱ ገና አልለቀቀዎትም፤ ዐርብ ለነጻ መውጣት ጸሎት ይምጡ» አላቸው። ይህን ለእኔ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ግራ መጋባት ግን ነበር። «ልጄ፣ እኔ ትዝ ያለኝ አባቴ ነው። ከብቶቹን ሲያወጣ ይችኑ እያንጎራጎረ ነበር። አባትን ማስታወስም አጋንንት ነው እንዴ?»

ጥያቄያቸውን ወደ ክፍል ይዤው ገባሁ። ሦስተኛ ዓመት የደረሱ፣ ስለ እስልምና አንድ ሙሉ ኮርስ የወሰዱ ተማሪዎች ነበሩ፤ ስለ ሱፊ መንገድ ምን እንደሚያውቁ ስጠይቃቸው አንዱ «ድርቡሽ ማለት አይደለም?» አለ። ሌላው የቱርክ ነጭ ቀሚስ ለባሾች ሲሽከረከሩ በስልኩ ማየቱን ተናገረ። ሦስተኛው «ቃልቻ ነው» ብሎ ዘጋው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሡኝ እነዚህ ሦስት መልሶች ናቸው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። «ደርዊሽ» ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ድኻ ማለት ነው፤ ዐረብኛው «ፈቂር» ይለዋል። በእግዚአብሔር ፊት ባዶ እጁን የሚቆም፣ ከዓለም የተራቆተ ሰው ስም ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ የጦርነት ቃል ሆኖ ቀረ። በ1880 ዓ.ም. ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠሉት፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበትን ጦርነት የተዋጉት የሱዳን መሐዲስቶች «ድርቡሽ» ተብለው በታሪካችን ተመዝግበዋል። የሚገርመው፣ መሪያቸው ሙሐመድ አሕመድ ሰማኒያ በሚባል የሱፊ ማኅበር ውስጥ ያደገ ሰው ቢሆንም፣ «መሐዲ ነኝ» ካለ በኋላ የሱፊ ማኅበራትን አግዷል፤ ተከታዮቹም «አንሷር» እንጂ ደርዊሽ ተብለው እንዳይጠሩ ከልክሏል። እኛ እስከ ዛሬ የምንጠራቸው መሪያቸው ባልወደደው ስም ነው ማለት ነው። ያው የሰማኒያ ማኅበር በሌሎች ሰዎች በኩል ወሎ ገብቶ ያፈራው ግን ሠራዊት አይደለም፤ የዚክርና የመንዙማ ጉባኤ ነው። የሾላዋ እናት አባት ከብቶቹን ሲያወጣ ያንጎራጎረው ከዚህ ዓይነቱ ምንጭ የተቀዳ ነው።

ሱፊዎች ሕጉን (ሸሪዓውን) አይተዉም፤ ከሕጉ ባሻገር ልብ ወደ አላህ የሚጓዝበት መንገድ አለ ይላሉ። መንገዱ «ጠሪቃ» ይባላል። ተጓዡ «ሙሪድ» ለአንድ ሸይኽ እጁን ይሰጣል፤ ሸይኹም ትምህርቱን ከእርሱ በፊት ከነበሩ ሸይኾች በቅብብሎሽ የተቀበለ ነው። በዚክር፣ ማለትም የአላህን ስም ደጋግሞ በመጥራት፣ በጾምና «ኸልዋ» በሚባለው ብቸኝነት ነፍስ ትገራለች። የጉዞው ጫፍ «ፈናእ» ነው፤ «እኔ» የሚለው ነገር በአምላክ ፊት ጠፍቶ መቅለጥ። በእኛ አገር ከሁሉ በላይ የተስፋፋው ጠሪቃ ቃድሪያ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1166 ባግዳድ ውስጥ ከሞቱት ከአብዱልቃድር አል-ጀይላኒ ነው። በወሎ ቡና ሲመረቅ «ጀይላኒ» የሚለውን ስም የሰማ አገልጋይ ብዙ ነው፤ የባግዳድ ሰው ስም መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ይመስለኛል። ቃድሪያ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ሐረር እንደ ደረሰ ይነገራል። የሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መቃብሮችና መዘከሪያዎች ተቆጥረውለታል። ከመስጊዱ የመዘከሪያው ቁጥር መብለጡ በራሱ ስለ ከተማዋ እምነት ይናገራል። ቲጃኒያ የሚባለው ጠሪቃ ደግሞ በጅማና በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ሥር ሰድዷል። በባሌ ወደ ድሬ ሸይኽ ሁሴን የሚጓዙ ምእመናን ባላ የሆነ በትር ይዘው፣ የሸይኹን ውዳሴ እየዘመሩ ቀናትን በእግር ይሄዳሉ።

የሚሽከረከሩት የሌላ አገር ሰዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1273 ቆንያ ላይ የሞተው የጀላሉዲን ሩሚ ተከታዮች። የቱርክ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1925 ቤቶቻቸውን ዘግቶባቸው ነበር፤ ዛሬ ቱሪስት የሚያያቸው ከዚያ ዝምታ የተረፈውን ነው። የእኛዎቹ አይሽከረከሩም። ተቀምጠው ወይም ቆመው ይወዛወዛሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ድቤ ይመታሉ።

ስለ መንዙማ ግን ረጋ ብሎ መናገር ያስፈልጋል። መንዙማ ማለት በግጥም የተደረደረ ማለት ነው። አላህን በማመስገን ይጀምራል፣ በነቢዩ ላይ ሰላምታ ያወርዳል፣ አውሊያን ያወድሳል፣ ሕግ ያስተምራል፣ ስለ ድርቅና ስለ በሽታ ይማጸናል። አንዱ ያወጣል፣ ጉባኤው ይቀበላል። የወሎ ሸይኾች ይህን በዐረብኛ ብቻ አልተዉትም፤ በዐረብኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቋንቋ ጻፉት። ይህ አጻጻፍ «ዐጀሚ» ይባላል። ዐረብኛ የማታውቅ የገበሬ ሚስት ትምህርተ እምነቷን በአፍ መፍቻዋ በቃሏ እንድትይዝ ማለት ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አስተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ለኅትመት ባበቃበት ዘመን፣ የወሎ ሸይኾችም የራሳቸውን መልእክት በሕዝብ ቋንቋ እያሠረጹ ነበር። እኛ ወንጌላውያን ቃሉን በአገር ቋንቋ ማድረስን የብቻችን ክብር አድርገን ስንናገር ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

መንዙማ የቁስልም መዝገብ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ሲያዝዙ፣ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ የሆኑት እርሳቸው ናቸው። ሸይኽ ጦልሃ ጃዕፈር ግን እምቢ አሉ፤ በጦርም በግጥምም ተቋቋሙ። የዐጀሚ አማርኛ ግጥሞቻቸው እስከ ዛሬ ይታወሳሉ። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ዘመን በሰፊው ተንትነውታል፤ በወሎ ለማገልገል የሚሄድ ሁሉ ቢያነብበው እወድዳለሁ። በእኛ ዘመን ደግሞ የሙሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማዎች በካሴት፣ ኋላም በስልክ፣ በየሱቁና በየታክሲው ተሰምተዋል። እንግዲህ በሾላ ሱቅ ውስጥ ያ ዜማ ሲከፈት የሚሰማው ጸሎትም፣ የእናት ቋንቋም፣ በግድ ጥምቀት ላይ የተነሣ እምቢታም ነው። በዚህ ሰው ፊት «ተጠመቅ» የሚለው ቃላችን ምን ታሪክ ይዞ እንደሚደርስ ማወቅ የሰባኪው ኃላፊነት ነው።

ሐድራው ወይም ወዳጃው ደግሞ እንዲህ ነው። ጫት ይቀርባል፣ እጣን ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፤ አንድ አባት ዱዓ ያደርጋሉ፣ ጉባኤው «አሚን» ይላል። የታመመ፣ የተጣላ፣ ልጅ ያጣች ሁሉ ጉዳዩን ያቀርባል። በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤት ውስጥ ስለሚኖሩ ክርስቲያኑም ይቀመጣል። «ቃልቻ ነው» ያለው ተማሪ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ በአንዳንድ ቦታ የዛር ልማድና ሐድራ ተቀላቅለው ድንበራቸው ይጠፋል። ነገር ግን የተቀላቀለውን አይቶ ሁሉንም በዚያ መሰየም፣ በጥንቆላ የሚነግድ አንድ «ነቢይ» አይቶ ወንጌላውያንን ሁሉ በእርሱ እንደ መሰየም ነው።

ዋናው የሥነ መለኮት ጉዳይ ታዲያ የት ላይ ነው? በከበሮው ላይ አይደለም፤ በአማላጅነት ላይ ነው። ሱፊው «ወልይ» የአላህ ወዳጅ ነው፤ በረካ በእርሱ በኩል ይፈስሳል፣ ከሞተም በኋላ መቃብሩ ይዘየራል ይላል። «የምለምነው አላህን ነው፤ ወልዩ ያስታርቀኛል እንጂ አልሰግድለትም» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱን በታማኝነት ልንሰማ ይገባል። ከሙስሊሞች መካከል ሰለፊዎች ይህን አጥብቀው ይቃወማሉ፤ በሰውና በአላህ መካከል ማንም መቆም የለበትም ባዮች ናቸው። አንዳንድ ሰባኪዎቻችን ሳያውቁት ይህንኑ የሰለፊ ክርክር ተበድረው ሱፊውን ሲነቅፉ እሰማለሁ። ክርክሩ እስከ መጨረሻው ከተሄደበት ግን የሚወድቀው ወልዩ ብቻ አይደለም፤ ሥጋ የለበሰው ቃልም ይወድቃል። እኛ መካከለኛ አያስፈልግም አንልም። አንድ አለ፣ እርሱም ራሱ ሰው የሆነው ኢየሱስ ክርስቶስ ነው እንላለን (1ጢሞ. 2፥5)። ወደ ወልዩ ደጅ የሚሄደው ሰው «ብቻዬን አልችልም፣ ቅርብ የሆነ ሰው ያስፈልገኛል» ማለቱ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። የምንለያየው በመልሱ ነው፤ በድካማችን የሚራራልን፣ በሕይወት ያለ፣ መቃብሩ ባዶ የሆነ ሊቀ ካህናት ስላለን (ዕብ. 4፥14-16)።

በፈናእም ላይ እንዲሁ ነው። ጳውሎስ «እኔ» መሰቀሉን ይናገራል፤ ነገር ግን የተሰቀለው ሰው ጠፍቶ አይቀርም፤ በእምነት ይኖራል፣ የተወደደም ነው (ገላ. 2፥20)። ሱፊው ጠብታ ወደ ባሕር መግባቷን ይመኛል፤ ወንጌል ልጅ ወደ አባቱ ቤት መግባቱን ይነግረዋል።

በነገራችን ላይ፣ የሸይኽና የሙሪድን ሥርዓት ለመንቀፍ ከመነሣታችን በፊት የራሳችንን መድረክ ማየት ይኖርብናል። በአንድ አገልጋይ እጅ የተባረከ ዘይት ሲሸጥ፣ ምእመኑ ያለ «አባቱ» ቡራኬ ሥራ ለመጀመር ሲፈራ፣ የበረካን ትምህርት ስሙን ቀይረን አስገብተነዋል። ያውም ሱፊው ሸይኽ ከሙሪዱ የሚጠይቀውን ጾምና ዝምታ ትተን።

ከዚህ ሁሉ ጋር በደንብ የሚነበብ አንድ ታሪክ አለን። የበጌምድሩ ሸይኽ ዘካርያስ ቁርኣን ዐዋቂ የነበሩ ሙስሊም መምህር ሲሆኑ፣ ራእይ ካዩ በኋላ ለዓመታት ከራሱ ከቁርኣን እየጠቀሱ ስለ ኢየሱስ ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1910 ተጠመቁ፤ ብዙ ተከታዮቻቸውም እንዲሁ። ሰይፍ ያልያዘ፣ ከውስጥ ቋንቋ የተነሣ ምስክርነት ነበር፤ ከቦሩ ሜዳ ሠላሳ ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ የሆነ ነው። በሴሚናሪዎቻችን ግን ስማቸው ሲነሣ ብዙም አልሰማሁም።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁት የዜማ ጉዳይ አለ፤ በመንዙማ ዜማ ለክርስቶስ እንዘምር ወይ? ባቲና አምባሰል የወሎ ምድር ስሞች ናቸው፤ ቅኝቱ የማንም ሃይማኖት ርስት አይደለም። በአንድ ወልይ ስም ታስሮ የሚታወቅን የተለየ ዜማ ግን እኔ አልነካውም፤ ከዚያ ቤት የወጡ አማኞች ራሳቸው ይወስኑበት።

ያቺ እናት ዐርብ ለጸሎቱ አልሄዱም። ጥቂት ቆይቶ ወንድማቸው ዐረፈና ለለቅሶ ወሎ ወረዱ። ማታ ቡና ፈልቶ ዱዓ ሲደረግ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ነበር። ሲመለሱ ምን እንዳደረጉ ጠየቅኋቸው። «ለሐዘንተኛው መጽናናት፣ ለአገር ሰላም ሲለመን አሚን አልኩ። የጀይላኒ ስም ሲጠራ ዝም አልኩ» አሉኝ። «እኅቴ ዝምታዬን አየች። ጠዋት ቅጠል ስንለቅም "ለምን ዝም አልሽ?" አለችኝ። ነገርኳት።»