ተጨማሪ መረጃ፦ ብዙ ድርጅት፣ አንድ መዝገብ

የመረጃ ቋት ለባንክና ለትምህርት ቤት ብቻ የሚያገለግል እንዳይመስላችሁ። ሰውን ከጎዳና አንስቶ ቤት ለማስገባትም ይረዳል።

የአሜሪካዋን ሂዩስተን ከተማ እንመልከት። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ100 በላይ ድርጅቶች በጋራ ተቀናጅተው ሲሠሩ፣ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከ25,000 በላይ ቤት አልባ ሰዎች መኖሪያ አግኝተዋል። የሥራው አንዱ መሠረት የጋራ የመረጃ ቋት ነው። ችግረኛው በየትኛውም ድርጅት በር ቢገባ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ መልሱም በአንድ መዝገብ ይሰፍራል። ቤት ሲገኝ ቅድሚያ የሚሰጠው ቀድሞ ለመጣው ሳይሆን ይበልጥ ለተቸገረው ነው። ይህ አሠራር የተቀናጀ ቅበላ ይባላል። እርግጥ ነው፣ የቤት ኪራዩን የሚከፍል ገንዘብ ከሌለ መዝገቡ ብቻውን ማንንም አያስጠልልም።

ሁሉም መረጃ ግን ለሁሉም አይታይም። በአሜሪካ ሕግ መሠረት የቤት ውስጥ ጥቃት ተጎጂዎችን የሚረዱ ድርጅቶች የተጎጂዎቹን ስም በዚህ የጋራ ቋት ውስጥ አያስገቡም፤ ለየብቻ ይይዙታል። አጥቂው የሸሸችውን ሴት አድራሻ ቢያገኝ ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃልና፣ ይህ ጥንቃቄ ሊጣስ አይገባም።

ሞክሩት፦ በጋራ መዝገብ ውስጥ የአንድ ሰው ስም በየድርጅቱ በተለያየ ፊደል ሊጻፍ ይችላል። ለአምስት ጓደኞቻችሁ «ፀሐይ ኃይሉ» የሚለውን ስም አንብቡላቸውና ሳይተያዩ ይጻፉት። ስንት ዓይነት አጻጻፍ አገኛችሁ? ኮምፒውተር ሁሉንም የአንድ ሰው ስም አድርጎ እንዲያውቅ ከስሙ ሌላ ምን መረጃ ትመዘግባላችሁ?