የቤቱ አድራሻና የከተማው ወሰን

በአሜሪካ በቨርጂንያ የሚኖሩ ብዙ ምእመናን ቤት ለመግዛት ሲነሡ፣ በአሌክሳንድርያና በፎልስ ቸርች መካከል ያመነታሉ። ሁለቱም ለዋሽንግተን ቅርብ ናቸው፤ ነገር ግን አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ።

በቨርጂንያ ሕግ ከተማ የካውንቲ አካል አይደለም። ፎልስ ቸርችም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ራሷን የቻለች ከተማ ናት፤ ስፋቷ 2 ማይል ካሬ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የራሷን ግብር ትሰበስባለች፤ የራሷን ትምህርት ቤቶች ታስተዳድራለች። የፖስታው አድራሻ ግን ወሰኑን አልፎ ይሄዳል። «ፎልስ ቸርች» ወይም «አሌክሳንድርያ» የሚል አድራሻ ያለው ቤት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። እንዲህ ሲሆን ግብሩም የልጆቹም ትምህርት ቤት የካውንቲው ይሆናል። ስለ ትምህርት ቤቱ ሲል ዋጋ ጨምሮ የገዛ አባት ይህን ከፈረመ በኋላ ቢረዳ፣ ጸጸቱ ከ30 ዓመቱ ዕዳ ጋር አብሮት ይኖራል።

እንግዲህ ወገኖቻችንን የምንመክረው፣ ከመፈረም በፊት የቤቱን ቍጥር ይዘው ከከተማውና ከካውንቲው የግብር ጽሕፈት ቤት እንዲያረጋግጡ ነው። ደግሞም እሑድ ማለዳ ከዚያ ቤት ተነሥተው እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለውን መንገድ በሰዓት ይለኩት። ልጆች ከትምህርት ቤቱ ጋር ቅዳሴም የሚደርሱበት ስፍራ ያሻቸዋልና።