ከተጣለ ዕቃ የሚሠራ ሥዕል

ሥዕል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቀለምና ብሩሽን ነው። ነገር ግን የጋዜጣ ቁራጭ፥ የብስኩት መጠቅለያና አሮጌ ሽቦ ተለጥፎበት፥ በላዩም በእርሳስ ወይም በከሰል ተነድፎበት የሚሠራ ሥዕል አለ። ስሙ ኮላዥ ይባላል፤ ቃሉ የፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙም ማጣበቅ ማለት ነው። ፒካሶና ብራክ የተባሉት ሠዓሊዎች እ.ኤ.አ. በ1912 በዚህ ዓይነት ከሠሩ ወዲህ ጥበቡ በዓለም ተስፋፋ።

እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ሃሚልተን የመጽሔት ሥዕሎችን ቆርጦ አንድ ሳሎን ሠራ። ቴሌቪዥን፥ ቴፕ፥ የምንጣፍ መጥረጊያ መኪናና የታሸገ ሥጋ ቤቱን ሞልተውታል። የሚያየው ሰው፥ «የቤቱ ጌታ ሰው ነው ወይስ ዕቃው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ የተወለዱት ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ፥ ከመርካቶ የሚያገኙትን አሮጌ የኮምፒዩተር ቁልፍና ባለ ብዙ ቀለም ሽቦ በእንጨት ላይ እየቸነከሩ ታላላቅ ሥዕሎች ይሠራሉ። ከሩቅ ሲታይ ከሰማይ የታየ እርሻ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ የአንድ ሰው ጣት የነካው መሆኑ ይታሰባል። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ታላቅ የሥዕል ትርኢት ላይ ቀርቧል።

ይህ ለእኛ ለአርሲ ልጆች ምን ይጠቅማል? መኪና በምድራችን ላይ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ በአሰላ ተቋቋመ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ተስፋፋ፤ የስንዴው ምርትም አደገ። ይሁን እንጂ አንዳንድ ባለ መሬቶች በትራክተር ማረስ ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኞች ከኖሩበት መሬት ተነሡ።

እንግዲህ ይህን በኮላዥ ለማሳየት የሚፈልግ ተማሪ የጭላሎን ተራራ በእርሳስ ይንደፍ፤ ከማዳበሪያ ከረጢት እርሻውን፥ ከጋዜጣ ትራክተሩን ቆርጦ ይለጥፍ። በዳር በኩል ለተነሣው ቤተሰብ ቦታ ይተውለት፤ የጎጆውን መስመር ብቻ ነድፎ ውስጡን ባዶ ያድርገው። ያን ጊዜ የሚያየው ሰው ትርፉንም ጉዳቱንም በአንድ ገጽ ያገኛል።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ የዘይት ካርቶንና የተሰበረ ራዲዮ ሲሰበስብ ብታዩ፥ ቆሻሻ ለቀመ ብላችሁ አትቆጡ። ይልቁንም ዕቃው በስንት እንደ ተገዛ፥ ማንን እንደ ጠቀመና ለምን እንደ ተጣለ ንገሩት፤ ሥዕሉ የሚጀመረው ከዚያ ነውና።