መለኪያው ሲዋሽ፦ የኤሌክትሪክ ኃይል መረብን ከሳይበር ጥቃት ስለመጠበቅ



የዛሬው ገለጻዬ የኤሌክትሪክ ኃይል መረብን ከሳይበር ጥቃት ስለመከላከል ነው። ጉዳዩ የዶክትሬት ጥናቴን የሠራሁበት ነው፤ ዛሬም የማማክራቸው የዶክትሬት ተማሪዎች የሚደክሙበት ነው። የሳይበር ደኅንነት ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው የበር ጥበቃን ነው፦ የይለፍ ቃል፣ ጸረ ቫይረስ፣ ፋየርዎል። እነዚህ ሁሉ ያስፈልጋሉ። ነገር ግን በኃይል መረብ ላይ ከበሩ ጥበቃ የማይተናነስ ሌላ ጥበቃ አለ፤ እርሱም የመለኪያውን እውነተኛነት መጠበቅ ነው። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ መረቡ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ላስታውሳችሁ።

ኤሌክትሪክ እንደ እህል በጎተራ ተከማችቶ የሚጠብቅ ሸቀጥ አይደለም። በባትሪና በመሰል መንገዶች የሚቀመጠው ጥቂቱ ሲቀር፣ የሚመረተው ኃይልና የሚጠፋው ኃይል በየሰከንዱ እኩል መሆን አለባቸው። እኩል ሲሆኑ የመረቡ ፍሪኩዌንሲ፣ በእኛ አገር 50 ኸርዝ፣ ጸንቶ ይቆያል፤ ሲዛነፉ ይወጣል ወይም ይወርዳል። መዛነፉ ከልኩ ካለፈ የመከላከያ መሣሪያዎች ጄኔሬተሮችንና መስመሮችን ከመረቡ ይነጥላሉ፤ ጨለማ የሚባለውም ያኔ ይመጣል። ይህን ሚዛን የሚጠብቁት የቁጥጥር ማዕከሉ ተረኛ ኦፕሬተሮች ናቸው። እነርሱ ግን በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ያለውን መስመር በዓይናቸው አያዩትም። የሚያዩት በስክሪናቸው ላይ የሚመጣውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከሌለ ዕውሮች ናቸው፤ ቁጥሩ ከዋሸ ደግሞ ከዕውርነት የባሰ ነገር ይገጥማቸዋል።

የዕውርነቱን ዋጋ ዓለም ያየው ያለ ምንም ጥቃት ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ክፍልና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መብራት አጡ። በኦሃዮ ግዛት መስመሮች ከዛፍ ጋር እየተነካኩ አንድ በአንድ ሲወጡ፣ የቁጥጥር ማዕከሉ የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር በስውር ጉድለት ምክንያት ዝም ብሎ ነበር። ኦፕሬተሮቹ ዝምታውን ሰላም አድርገው ወሰዱት። ችግሩን ባወቁ ጊዜ እጃቸው ላይ የቀረ ጊዜ አልነበረም።

ሆን ተብሎ የተፈጸመውና በይፋ የታወቀው የመጀመሪያው የመብራት መቋረጥ የደረሰው በዩክሬን ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2015 ከቀትር በኋላ በሦስት የኃይል ማከፋፈያ ድርጅቶች ውስጥ ብሬከሮች ከርቀት በተላከ ትእዛዝ ተከፈቱ፤ 225,000 ያህል ደንበኞች ጨለማ ዋጣቸው። ወራሪዎቹ የገቡት ከወራት በፊት ነበር፤ ለሠራተኞች በተላከ ኢሜይል ላይ በተያያዘ ሰነድ አማካይነት። ከዚያ በኋላ ስልቱን፣ የይለፍ ቃሉን፣ የሥራውን ልማድ በትዕግሥት አጠኑ። በዕለቱም ኦፕሬተሮቹ የኮምፒውተሩ ጠቋሚ ያለ እነርሱ እጅ ሲንቀሳቀስና ብሬከሮችን ሲከፍት ተመለከቱ። ጥቃቱ በዚህ አላበቃም። ጣቢያዎቹን ከማዕከሉ ጋር የሚያገናኙ መሣሪያዎች ውስጣዊ ፕሮግራም ተበላሸ፤ ኮምፒውተሮች ተደመሰሱ፤ የደንበኞች የስልክ መስመርም በሐሰተኛ ጥሪ ተጨናነቀ።

ከዚህ ታሪክ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ እንዲይዙልኝ የምፈልገው ግን ፍጻሜውን ነው። መብራቱ የተመለሰው ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የመለሱትም ቴክኒሻኖች ናቸው፤ በመኪና ወደ ማከፋፈያ ጣቢያዎቹ ሄደው ብሬከሮቹን በእጃቸው ዘጉ። ኮምፒውተሩ ሲከዳ የሰው እጅና የሰው ዕውቀት ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 በኪየቭ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የማስተላለፊያ ጣቢያ ላይ የደረሰው ሁለተኛው ጥቃት ደግሞ የመረቡን የመገናኛ ቋንቋዎች ራሱ በሚናገር ሶፍትዌር የተፈጸመ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ እዚያም በእጅ ሥራ ኃይሉ ተመለሰ።

እነዚህ ጥቃቶች የጮሁ ጥቃቶች ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ያውቃል። የእኔ ጥናት ያተኮረው ድምፅ በሌለው ላይ ነው፤ ማለትም ወራሪው ምንም ሳይከፍት፣ ምንም ሳይዘጋ፣ ቁጥሩን ብቻ ሲለውጥ ምን ይሆናል? ይህ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተደረሰበት ስተክስኔት የተባለው ተንኮል አዘል ሶፍትዌር በኢራን ናታንዝ የዩራኒየም ማበልጸጊያ ማሽኖችን ሲያበላሽ፣ ቀድሞ የቀዳውን ጤነኛ ንባብ ለቁጥጥር ሥርዓቱ መልሶ ያሳይ ነበር። ማሽኑ ሲሰቃይ ስክሪኑ ሰላም ነው ይል ነበር።

የኃይል መረብ ለስሕተተኛ ቁጥር ከጥንት ጀምሮ መድኃኒት አለው። የኤም.አይ.ቲ. ምሁር ፍሬድ ሽዌፒ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው የመረብ ሁኔታ ግምት የሚባለው ስልት፣ ከየጣቢያው የሚመጡትን ቁጥሮች በፊዚክስ ሕግ እርስ በርስ ያመሳክራል። የመስኖ ውኃን አስቡ። አንድ ቦይ ሁለት ቦታ ሲከፈል፣ የገባው ውኃ ከወጣው ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ ወይ ቦዩ ይፈሳል፣ ወይ የለካው ሰው ተሳስቷል።

በቁጥር እንየው። ከአንድ ጣቢያ ወደ አንድ ከተማ ሁለት መስመሮች ይሄዳሉ እንበል። ወደ ጣቢያው 120 ሜጋ ዋት ይገባል፤ በመጀመሪያው መስመር 90፣ በሁለተኛው 30 ይሄዳል። የመጀመሪያው መስመር በደኅና ሊሸከም የሚችለው 80 ነው፤ ስለዚህ ኦፕሬተሩ ጫናውን መቀነስ ይኖርበታል። ወራሪው ግን ይህን እንዳያደርግ ሊያታልለው ይፈልጋል። 90 የሚለውን ብቻ 70 ቢያደርገው ድምሩ 100 ስለሚሆን ወዲያው ይያዛል። ሁለተኛውን 50 ቢያደርገው ድምሩ ይስተካከላል፤ ሆኖም አሁንም ይያዛል። ምክንያቱም ሁለቱ መስመሮች መነሻቸውም መድረሻቸውም አንድ ስለሆነ፣ ኃይሉን የሚካፈሉት ኢምፒዳንስ በምንለው በየራሳቸው ተፈጥሯዊ ተቃውሞ መጠን ነው። ክፍፍሉ ሦስት ለአንድ ነው፤ ወራሪው በፈቃዱ ሊለውጠው አይችልም።

ብልህ ወራሪ ግን ሦስት ለአንዱን ይጠብቃል፤ 60 እና 20 ብሎ ይዋሻል። አሁን የክፍፍሉ ስሌት ምንም አይቃወምም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሦስት ተመራማሪዎች ያሳዩትና ለብዙዎቻችን የጥናት በር የከፈተው እውነት ይኸው ነው፦ የመረቡን አሠራር የሚያውቅ ወራሪ ከፊዚክስ ሕግ ጋር የሚስማማ ውሸት ሊፈጥር ይችላል፤ የተለመደው የስሕተት ማጣሪያም አያየውም። ኦፕሬተሩ 60 እያየ ይረጋጋል፤ መስመሩ 90 ተሸክሞ ይግላል፣ ይረግባል፣ በመጨረሻም ይወጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ምሳሌውን እንደገና ተመልከቱት። 60 እና 20 ሲደመር 80 ነው፤ ወደ ጣቢያው የሚገባው ግን 120 ነው። ስለዚህ ወራሪው የመግቢያውንም መለኪያ መለወጥ አለበት፤ የመስመሮቹን ሌላኛ ጫፍም፣ የከተማውንም ፍጆታ። አንዱ ውሸት ጎረቤቱን እያስዋሸ ይሄዳል። አበው «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላሉ፤ የእኛ ሥራ በዚህ መንገድ ላይ ውሸቱ ቶሎ እንዲቀል ማድረግ ነው። ከሰንሰለቱ መካከል አንድ መለኪያ እንኳ ወራሪው ሊደርስበት የማይችል ከሆነ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የዶክትሬት ጥናቴ ጥያቄም ይህ ነበር፦ ገንዘቡ ሁሉንም መለኪያ ለመጠበቅ የማይበቃ ከሆነ፣ የትኞቹን እናስቀድም? የዘርፉ ጥናቶች እንዳሳዩት ሁሉንም መጠበቅ ግዴታ አይደለም፤ የመረቡን ሙሉ ሁኔታ ለማወቅ የሚበቁ፣ በጥንቃቄ የተመረጡ መለኪያዎች ከተጠበቁ እንዲህ ያለው ውሸት መደበቂያ ያጣል። ሌላው መንገድ የመስመሩን ኢምፒዳንስ በመሣሪያ አልፎ አልፎ በመጠኑ መለወጥ ነው። ያን ጊዜ ሦስት ለአንድ የነበረው ክፍፍል ይቀየራል፤ በአሮጌው ዕውቀት የሚዋሽ ወራሪም ራሱን ያጋልጣል።

«ሁሉንም መልእክት በምስጢር ቁልፍ ብንቆልፈውስ?» የሚል ጥያቄ ተማሪዎች ያነሣሉ። በተቻለበት ሁሉ ሊደረግ ይገባዋል። ይሁን እንጂ በጣቢያ ውስጥ ያሉ አንዳንድ የመከላከያ መልእክቶች በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ውስጥ መድረስ አለባቸው፤ አሮጌ መሣሪያ የቁልፉን ስሌት ለመሥራት አቅም የለውም። የቢሮ ኮምፒውተር በአምስት ዓመት ይለወጣል፤ የማከፋፈያ ጣቢያ መሣሪያ ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለግላል፤ ሶፍትዌሩን ለማደስ ተብሎም ከተማ አይጨልምም። ብዙዎቹ የመገናኛ ቋንቋዎች የተቀረጹት ትእዛዝ የሚልከው ሰው ሁሉ ታማኝ ነው ተብሎ በሚታሰብበት ዘመን ነው።

ይህ ለእኛ አገር ምን ማለት ነው? የእኛ መረብ በፍጥነት እያደገና ዲጂታል እየሆነ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ በተዘረጋው 500 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ የሚያልፈውን ኃይል የሚወስነው የኮምፒውተር ቁጥጥር ነው። አብዛኛው ኃይላችን የሚመነጨው ከጥቂት ትላልቅ ጣቢያዎች ሲሆን፣ ወደ ተጠቃሚው የሚደርሰው በረጃጅም መስመሮች ነው። ይህ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ጥቂት ነጥቦች መመታታቸው ብዙ ሰው ይጎዳል። በሌላ በኩል በብርቱ ልንጠብቃቸው የሚገቡን ነጥቦች ቁጥራቸው የተወሰነ ነው፤ የመጠበቁ ወጪም እንደዚያው።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ግን ስለ ሰው ነው። ጣቢያዎች በርቀት መቆጣጠሪያ ሲተኩ፣ ብሬከር በእጁ የዘጋ፣ የጄኔሬተርን ጤንነት በድምፁ የሚለይ ባለሙያ ጡረታ ይወጣል፤ ተተኪው ስክሪን ብቻ ያውቃል። የአዲሱ ሥርዓት ግዢ ውል ሲፈረም፣ በእጅ የመሥራት ሥልጠና ብዙ ጊዜ ከወጪ ቅነሳው የመጀመሪያው ተቆራጭ ይሆናል። ዩክሬን በሰዓታት ውስጥ ብርሃኗን የመለሰችው ያ ችሎታ ገና ስላልጠፋባት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ስክሪኑ እንደሌለ ተቆጥሮ የሚደረግ ልምምድ ከብዙ ሶፍትዌር ዋጋ አይተናነስም። በዚያች ጨለማ ሰዓት የሚጠብቀው የሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍልና የከተማ የውኃ ፓምፕ ነውና።

ለወጣት ኢንጂነሮች የምተወው ምክር አጭር ነው። ኮምፒውተሩን የሚያውቅ መረቡን ይማር፤ መረቡን የሚያውቅ ኮምፒውተሩን ይማር። ወራሪው ሁለቱንም አጥንቶ ነው የሚመጣው። በስክሪን ላይ የምታዩትን ቁጥርም ከማመናችሁ በፊት ጎረቤቱን ጠይቁት።

 ጥያቄ ያላችሁ መድረኩ የእናንተ ነው።